በቆመው ዛፍ ላይ

ባለፈው ዓመት ለዚህች መጽሔት ሦስት ገጽ ሥዕል ቀርቦልን ነበር። አላወጣነውም። ዛሬ ብዕር ያነሣነው ለምን እንዳላወጣነው ለማስረዳት ነው፤ ማስረዳቱ ቢያቅተን ደግሞ ለመናዘዝ።

ሥዕሉን ያመጣው የባቲ ልጅ የሆነ ጓደኛችን ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በ2100 ዓ.ም. ባቲ ላይ፣ በሰኞ ገበያ ቀን ነው። ግመሎቹ ይበርራሉ። ከቆላ የመጣው አፋር፣ የባቲው ኦሮሞና ከደጋ የወረደው አማራ ጆሯቸው ላይ በሰኳት ትንሽ መሣሪያ ያለ አስተርጓሚ ይነጋገራሉ፤ ዋጋ ላይ ግን እንደ ጥንቱ አይግባቡም። በገበያው መካከል አንድ የሚናገር ሚዛን ቆሟል። ድኻ ሲመጣ ቀጥ ብሎ ይመዝናል፤ ባለሥልጣን ሲመጣ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል፤ ጎንበስ ባለ ቁጥርም የባለሥልጣኑ ኩንታል ይከብዳል። ከሚዛኑ በላይ ግድግዳው ላይ የገዢው ምስል ተሰቅሏል። ምስሉ ሌሊት ሌሊት ራሱን በራሱ ይለውጣል፦ ዘውድ የደፋው ይሄድና ቆብ ያጠለቀው ይመጣል፤ እሱም ይሄድና ከራባት ያሰረው ይተካል። ምስማሩ ግን ያው ነው።

የታሪኩ ጀግና ሽርጥ ያገለደመና ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ ጋዜጠኛ ነው። ሚዛኑን ቃለ መጠይቅ ያደርገዋል። «ጌታው ሚዛን፣ ስንት መንግሥት አሳለፍክ?» ይለዋል። «መንግሥት አልቆጥርም፤ እኔ የምቆጥረው እህል ነው።» «እሺ፣ እህሉስ ለምን ይጎድላል?» «እሱን ምስሉን ጠይቅ።» ጋዜጠኛው ቀና ሲል ምስሉ ተለውጧል። አዲሱ ምስል ፈገግ ብሎ «ያለፈው ሥርዓት ጥፋት ነው» ይለዋል።

ሳቅን። ሆዳችንን ይዘን ነው የሳቅነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ ግን ሳቃችን ቀዘቀዘ። ሚዛኑ ከባቲ ተነሥቶ ወደ እኛ ግቢ ይመጣና የምግብ ቤቱን ዳቦ መመዘን ይጀምራል። የዳቦው ነገር በግቢው ሁሉም የሚያውቀው፣ ማታ ማታ በየአልጋው ላይ የሚንሾካሾክበት፣ ማንም ግን ያልጻፈው ነገር ነበር። መጽሔቷ የምትባዛበት ማሽን ደግሞ የእኛ አይደለም፤ ወረቀቱም የሚሰጠን በደብዳቤ ተጠይቆ ነው። ስለዚህ «ሁለቱን ገጽ እናውጣ፣ ሦስተኛው ለጊዜው ይቆይ» አልነው። ጓደኛችን ሥዕሉን አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ከተተ። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» አለን። «የቆመውንስ?» ብሎን ወጣ።

ጥያቄው ከዚያ ወዲህ አልለቀቀንም። ለመሆኑ በወደቀው ላይ የሚነገር እውነትና በቆመው ላይ የሚነገር እውነት አንድ ናቸው ወይ?

በመጀመሪያ እይታ ልዩነት የለም። እውነት እውነት ነው። «መንግሥት የወሎን ረሃብ ደብቋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር በ1965 ዓ.ም. ቢነገርም በ1967 ዓ.ም. ቢነገርም እኩል እውነት ነው፤ ዙፋኑ ላይ ሰው መኖር አለመኖሩ የዓረፍተ ነገሩን እውነትነት አይጨምርም፣ አይቀንስም። ነገር ግን መናገር ዓረፍተ ነገር ብቻ አይደለም፤ ሥራ ነው። በ1965 ያንን የተናገረ ሰው ገና በሕይወት ያለ ረሃብተኛ ዘንድ እህል እንዲደርስ ይሠራ ነበር። በ1967 የተናገረው ግን ለሞተው ሙሾ ያወርድ ነበር፤ ከሙሾውም ጋር ሹመት ይፈልግ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ቃሉ አንድ፣ ሥራው ሁለት። እንግዲህ እውነት እንደ እህል ሁሉ ወቅት አላት ማለት ነው፤ ወቅቷ ካለፈ በኋላ ብትዘራ ሙያ አይባልም።

ጓደኛችን ሥዕሉን ሲስል መነሻ የሆነውን መጽሐፍ በኋላ አዋሰን። በሥዕል የሚተረክ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው፤ ፈረንጆቹ ኮሚክ የሚሉት ዓይነት። ስሙ «ትራንስሜትሮፖሊታን» ይባላል፤ እንግሊዛዊው ዋረን ኤሊስ ጽፎት አሜሪካዊው ዳሪክ ሮበርትሰን የሣለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2002 በ60 ክፍል የወጣ ነው። ጀግናው ስፓይደር ጀሩሳሌም የሚባል ራሰ በራ፣ ገላው በንቅሳት የተሞላ፣ አፉ የማይታረም ጋዜጠኛ ነው። አምስት ዓመት ተራራ ላይ ተደብቆ ከኖረ በኋላ የመጽሐፍ ውል አስገድዶት ወደ ከተማ ይወርዳል። የከተማው ዕቃ ሁሉ ተበላሽቷል፤ መነጽሩን የሠራለት መሣሪያ እንኳ ለመሣሪያ የተዘጋጀ አደንዛዥ ዕፅ ሱሰኛ ስለሆነ አንዱን መስተዋት ክብ፣ አንዱን አራት ማዕዘን አድርጎ ያወጣለታል። ዓምዱን «እዚህ መኖር አስጠልቶኛል» ብሎ ሰይሞታል፤ ሆኖም ከዚያች ከተማ አይወጣም።

ሥራውን የሚጀምረው ፖሊስ ደካሞችን ሲደበድብ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ያየውን እዚያው እያየ በመጻፍ ነው። የከተማው ሰው በዚያው ሰዓት ያነባል፣ ይቆጣል፣ ድብደባውም ይቆማል። ወቅቷን ያላሳለፈች እውነት ማለት እንዲህ ነች! ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ ፖሊሶቹ ይጠብቁትና እሱን ይደበድቡታል፤ ይሄም የሥራው አካል ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ይከፋል። ጋዜጠኛው የሚጠላው «አውሬው» የተባለ ፕሬዚዳንት አለ፤ ጨካኝ ነው፣ ጭካኔውንም አይደብቅም። በምርጫ ይወድቃል። በቦታው የሚመጣው ጋሪ ካላሃን የተባለው፣ ጋዜጠኛው «ፈገግተኛው» የሚለው ሰው ነው። ፈገግተኛው የሕዝብ ሐዘን ድምፅ እንዲያስገኝለት ብሎ የራሱን ረዳት ያስገድላል። አውሬው የሚፈልገው ሥልጣኑን ነበር፤ ፈገግተኛው የሚፈልገው ሕዝቡን መጉዳት ነው። ስፓይደር በአውሬው ውድቀት ጨርሻለሁ ብሎ ወደ ተራራው መመለስ ይችል ነበር። አልተመለሰም። የመጽሐፉ ትልቁ ክፍል የሁለተኛው ትግል ነው፦ ከሥራው ተባርሮ፣ ጽሑፉ ታግዶ፣ አእምሮውን በሚበላ በሽታ ተይዞ ፈገግተኛውን እስኪጥለው ድረስ።

ስናነበው አንዱ ከመካከላችን «እንዴ፣ ይሄ እኮ ልብ ወለድ የሆነው በራሪው መኪና አይደለም፤ ጋዜጠኛ ጽፎ ፕሬዚዳንት መውደቁ ነው!» አለ። እንደገና ሳቅን። ነገር ግን ሳቃችን ትክክል አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን አንድ ጊዜ ሆኗልና።

በ1965 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል ከነበረው ተቋም መምህራን ወደ ወሎ ሄደው የረሃቡን ፎቶግራፍ አነሡ፤ ፎቶግራፉም በግቢው ታየ። መንግሥት ዝም አለ። በጥቅምት 1966 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» የሚለውን ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ፤ ዓለም ደነገጠ። ፊልሙ ለእኛ ሕዝብ በቴሌቪዥን የታየው ግን ዓመት ሊሞላው ሲል፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ነው። ደርግ የረሃብተኛውን ምስል ከቤተ መንግሥት ግብዣና ሥጋ ከሚጎርሱ ውሾች ጋር እያፈራረቀ አሳየው። በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። የመረረ ቀልድ ከተባለ ከዚህ የመረረ የለም፤ በምስልም የተቀነባበረ ነው። ውሸት ግን አልነበረም፤ ረሃቡም ውሾቹም እውነት ነበሩ። የፊልሙ ሥራ ግን ተለውጦ ነበር፦ ዲምብልቢ እህል ሊያስመጣበት ያነሣውን ምስል ደርግ ዙፋን አወረደበት።

እሺ፣ ዙፋኑም ይውረድ። ጥፋት አለበት ካልን ይወርዳል። የእኛ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት አለፈ። በ1966ቱ ረሃብ ምክንያት የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለጋሾችን ሰብስቦ አስጠነቀቀ። ይሁን እንጂ አገሪቱ የኢሠፓን ምሥረታና የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ለማክበር ሽርጉድ ላይ ነበረች። በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ የጉዞ ፈቃድ ተከለከሉ። ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም የላኩት ዘገባ በቢቢሲ የታየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። በፊልም ንጉሥ ያወረደው መንግሥት ፊልምን ፈራ። ቆብ ያጠለቀው ምስል ተሰቅሎ ነበር፤ ምስማሩ ግን ያው ነው።

ባቲም ስሟ በዓለም ጋዜጣ የወጣው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት የምትታወቀው በሰኞ ገበያዋና ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር በምትቆጠረው ቅኝቷ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ግን የመጠለያ ጣቢያ ሆነች፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው በላስቲክና በድንኳን ሥር ተኛባት። የጓደኛችን አያት እዚያ ነበሩ። አንድ ፈረንጅ ከነልጃቸው ፎቶ አንሥቷቸዋል። እሳቸው ስለ ንጉሡም ስለ ደርግም ብዙ አይሉም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ያ ሥዕሌ የት ደረሰ?»

ይህን ጥያቄ ለምን እንዳነሣን እንናገር። ፎቶግራፉ ለንደን ደርሷል፣ ኒው ዮርክ ደርሷል። በዚያው ሰሞን እንግሊዝ አገር የተሰበሰቡ ዘፋኞች «የገና በዓል መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» የሚል መዝሙር አውጥተው ብዙ ገንዘብ አሰባሰቡ። ገንዘቡ ይመስገን። ጥያቄው ግን ከባቲ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም መሆኑን፣ ክርስቲያኑም ገናን የሚያከብረው ታኅሣሥ 29 መሆኑን አያውቅም። የሥዕሉ ባለቤት ለሁሉም መሣሪያ ሆነች፦ ለአንዱ ዙፋን ማውረጃ፣ ለሌላው መዝሙር መግጠሚያ። እሷ ግን በምስል ፊት ያለች ሰው እንጂ መሣሪያ አይደለችም። መንግሥት ሲለወጥ እሷ አልተለወጠችም፤ እዚያው ነች፣ ሚዛኑም እዚያው ነው።

እንግዲህ መልሱን ከዚህ የምናገኘው ይመስለናል። እውነትን የሚናገር ሰው ዕዳው ለማን ነው? ዕዳው ለአንባቢው ከሆነ አንባቢው ሲደነግጥ ተከፈለ። ዕዳው ለድል ከሆነ ገዢው ሲወርድ ተከፈለ። ዕዳው በሥዕሉ ውስጥ ላለችው ሴት ከሆነ ግን ገዢው በመውረዱ አልተከፈለም። እሷ ዳቦዋ እስኪሞላ ድረስ ባለዕዳዋን ትጠብቃለች። ስለዚህ እውነት ሁለት ጊዜ መነገር አለባት፦ አንድ ጊዜ በመጀመሪያው ላይ፣ ሁለተኛ ጊዜ በመጀመሪያው እውነት ተንጠላጥሎ በወጣው ላይ። የመጀመሪያው ድፍረት ይጠይቃል። ሁለተኛው ከድፍረትም በላይ ይጠይቃል፤ ትናንት አብረውህ የጮሁትን ወዳጆች ያሳጣሃልና።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን ሥርዓት ሲለወጥ አብሮ አልተሻረም። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው መጽሐፍ የወሎን ረሃብ መርምሮ፣ በ1965 ዓ.ም. ደሴ ላይ የእህል ዋጋ እምብዛም እንዳልናረ፣ ሰው እየተራበም ጥቂት እህል ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ ይጫን እንደነበር አሳይቷል። ችግሩ የእህል መጥፋት ብቻ ሳይሆን የገበሬው እጅ ባዶ መሆን ነበር። ይኸው ሊቅ በኋላ ነፃ ጋዜጣ ባለበት አገር ትልቅ ረሃብ አይደርስም ሲል ተከራክሯል፤ የሚጮህ ካለ የሚገዛው ሰው ያፍራል፣ ይፈራልም።

እኛስ የሚጮህ አልነበረንም? ነበረን። በዓሉ ግርማ የመንግሥት ጋዜጠኛና የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር። የአብዮቱን መንፈስ ያዘለውን «የቀይ ኮከብ ጥሪ»ን የጻፈ ሰው ነው፤ የመጀመሪያውን እውነት ተናግሯል እንበል። በ1974 ዓ.ም. ወደ አሥመራ ሄዶ የቀይ ኮከብን ዘመቻ ካየ በኋላ ግን ሁለተኛውን ለመናገር ተቀመጠ። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ወጣ። ጀግናው ፀጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ ከውጭ ሆኖ የሚሳደብ ሳይሆን ከውስጥ ሆኖ ፕሮፓጋንዳውን የሚሠራ። የመጽሐፉ ስለት እዚህ ላይ ነው፦ ጋዜጠኛው ራሱም በሚዛኑ ላይ ተቀምጧል። መጽሐፉ ከየመደብሩ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ከዚያ ስምንት ወር ቆይቶ የኮረም ምስል ለዓለም ታየ። በቆመው ዛፍ ላይ ምሳር ያነሣው የራሳችን ሰው ከጠፋ በኋላ፣ የራሳችንን ረሃብ የሌላ አገር ሰው ነገረን።

ከእሱም በፊት አቤ ጉበኛ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ባሳተመው «አልወለድም» ውስጥ ገና ያልተወለደ ፅንስ በእናቱ ሆድ ሳለ፣ ግፍ ወዳለበት ዓለም አልመጣም ብሎ ይከራከራል። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ አይባልም እንጂ ዘመዱ ነው፤ አንዱ ጭምብሉን ከወደፊቱ ዘመን ያመጣል፣ ሌላው ከማሕፀን። መጽሐፉ ታገደ። አውሬ፣ ፅንስ፣ የሚናገር ሚዛን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ለወደቀው ዛፍ ሰም አያስፈልግም፤ ወርቁን በአደባባይ ብትናገር የሚከለክልህ የለም። ሰሙ የሚያስፈልገው ለቆመው ነው።

እዚህ ላይ የሚቃወመን አንባቢ ይኖራል፤ እኛም እርስ በርሳችን ተቃውመናል። አንደኛው ተቃውሞ «የሞተ ጋዜጠኛ አይጽፍም፤ ሰንብቶ መጻፍ ይሻላል» የሚል ነው። ቀላል ተቃውሞ አይደለም። በዓሉ ኖሮ ቢሆን ስንት መጽሐፍ በጻፈልን! ማንንም ሰው «ለምን አልሞትክም?» ብለን አንከስስም። ነገር ግን «እሰነብታለሁ» የሚለው ሰው ራሱን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ዛሬ ዝም ያልኩበትን ነገር የምናገርበት ቀን በእርግጥ አለኝ? ወይስ ዛፉ እስኪወድቅ ነው የምጠብቀው? ቀን ካለው ጥንቃቄ ነው። ውድቀትን የሚጠብቅ ከሆነ ግን ስሙ ሌላ ነው፤ በእኛ ቋንቋ አድርባይ ይባላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ሳቁ ነው። ሰው በሞተበት ነገር ላይ ይቀለዳል ወይ? በሟቹ ላይ ከሆነ ነውር ነው። ጓደኛችን ግን ባቲን ሲስል አንድም የተራበ ሰው አልሣለም። አያቱ በሥዕሉ ውስጥ የሉም። የሣለው ሚዛኑን፣ ምስሉንና ምስማሩን ነው። ይህን ልዩነት መጀመሪያ አላስተዋልነውም። ሳቅ ወደ ላይ ሲወረወር ምሳር ነው፤ ወደ ታች ሲወረወር ድንጋይ ነው።

አሁን ወደ ኑዛዜው እንምጣ። ይህን ሁሉ ገጽ ስለ ንጉሡና ስለ ደርግ ጻፍን። ምን አስከፈለን? ምንም! ሁለቱም ወድቀዋል፤ ዛሬ በሁለቱም ላይ የሚጽፍ ሰው ይጨበጨብለታል እንጂ አይጠየቅም። እኛም ምሳራችንን ይዘን በወደቀው ግንድ ዙሪያ ከተሰበሰቡት ውስጥ ነን። ጓደኛችን ይህንን ከእኛ ቀድሞ አይቶታል። ሦስተኛውን ገጽ ያልተቀበልነው በዳቦው ምክንያት ነው ብለን ጀመርን። ሙሉ እውነት አይደለም። በገጹ ግርጌ፣ ከዳቦው ወረፋ ጀርባ፣ ወረቀት የያዙ አራት ሰዎች ተስለዋል። እኛ ነን፤ የአንዳችን መነጽር ሳይቀር ይታወቃል። ጽሑፋችንን ለማሽኑ ከመስጠታችን በፊት ሚዛኑ ላይ እያስመዘንን ነው። ሚዛኑ አንዱን ገጽ አንሥቶ «ይሄ ይከብዳል» ይለናል፤ እኛም «እናቅልለው ጌታዬ» እንላለን።

ሥዕሉን ያስቀረነው ስለ ዳቦው ብቻ ሳይሆን ስለዚያ ነው። የመጋዘኑን ሰው ከመፍራታችን በላይ ራሳችንን ማየት ፈራን። እነሆ፣ ትንሽም ብትሆን የቆመች ዛፍ እኛው ዘንድ ነበረች።

ወር ቆይተን ጓደኛችንን ፈልገን ይቅርታ ጠየቅነው። ቂም አልያዘም፤ የባቲ ሰው ገበያ ላይ ተከራክሮ ሻይ አብሮ ይጠጣል። ሦስተኛው ገጽ በዚህ እትም የመጨረሻ ቅጠል ላይ ወጥቷል፤ እኛም ሳንቀነስ አለንበት። ቀለሙ ደብዘዝ ያለ እንደሆነ ስቴንስሉን ውቀሱ እንጂ ሠዓሊውን አትውቀሱ። ለአያቱም አንድ ቅጂ በሚቀጥለው ሰኞ ወደ ባቲ በሚሄድ ሰው እንልካለን። የጠየቁት ያንን ሥዕል እንዳልሆነ እናውቃለን።

ማሽኑ ለሚቀጥለው እትም ይፈቀድልን እንደሆነ ገና አልተነገረንም። ትርፍ ወረቀት ያለው አንባቢ ቢኖር በተለመደው ቦታ ያገኘናል።